ልብ ያላልነው ልብ

እግሩን ሊያሳየኝ ነው ሩፕላል የመጣው፣
ጫማው ውስጥ ሚስማር ነው ሦስት ቀን የከረመው።
ሦስት ቀን ረግጦታል ሸንኮራ ሲያስጭን፤
«አልተሰማኝም» አለ፣ ሳቅ አድርጎ ፊቱን።

እዚህ ፍላክ፣ ሞሪሸስ፣ በምሥራቁ ዳርቻ፣
ነፋስ የሚያመጣው ሞላሰስ ነው ብቻ።
አገሩ ስኳር ነው፣ ጉብታው፣ ሜዳውም፤
ቆርጠን በመርከብ ላክን፣ ሄዶ ግን አልሄደም።

እኩያዬ ነው ሩፕላል፣
አንድ አግዳሚ ላይ ፊደል ቆጥረናል።
አርባ ዓመት ሸንኮራን ቆረጠ በገጀራ፣
ዛሬ ስኳር እሱን ይቆርጣል በተራ፣
ድምፁ ሳይሰማ፣ ስለቱ ሳያበራ።

ቁስሉን አጠብኩለት። ከዚያ በናይሎን ክር
ጣቶቹን ነካካሁ፣ አንድ በአንድ ስቆጥር።
ዓይኑን ጨፍኗል፤ «ጀምሪ እንጂ» ይለኛል።
እኔ ግን ጨርሻለሁ።

በሩ ላይ፣ ከደንጊ ትንኝ ሥዕል በታች፣
አዲሱ መመሪያ ተንጠልጥሏል፣ ስድስት ገጽ፣
ጠርዙ በእርጥበት የተጠቀለለ።
በየቀኑ በትከሻችን እየገፋነው አልፈናል።
ዛሬ አንድ መስመሩ ያዘኝ፦
ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ቢታመም እንኳ
ላይነግራችሁ ይችላል። እናንተ ጠይቁት።

ጠየቅሁት።
«ደረትህን ወግቶህ ያውቃል?»
«ኧረ በጭራሽ።»
«ትንፋሽስ?»
«ዳገት ላይ። ዳገት የማያደክመው ማን አለ?»
ዝም አልኩ። ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም፣ ዝም አልኩ።

«ያ አውሎ ነፋስ ሊገባ ሲል» አለ በመጨረሻ፣
«ከመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ። ላብ አጠመቀኝ።
መንጋጋዬን እንደ ጥርስ ሕመም ያዝ አደረገኝ።
ድካም መስሎኝ ጣፋጭ ሻይ ጠጣሁና ተነሣሁ፤
ያን ቀን ሰባት መኪና ነው የጫንነው።»

ዶክተር ላም ረጅሙን ወረቀት ከማሽኑ ሳበ፣
ጣቱን አንድ ሸለቆ ላይ አሳርፎ ቆመ።
«ይህ ጠባሳ ነው» አለ። «የቆየ።»

የልቡ አንድ ማዕዘን ያን ቀን ሞቶ ኖሯል፣
ማንም ሳያለቅስለት፣ ባለቤቱም ሳይሰማ፤
የቀረው ልብ ሬሳውን ታቅፎ
ሰባት መኪና ጭኗል።

ሁለት ካርድ አለው።
ቢጫው የኔ ነው፣ ማክሰኞ፣ የስኳሩን ቁጥር የምጽፍበት፤
ሰማያዊው ማዶ፣ ሐሙስ፣ ግፊቱ የሚለካበት።
በመካከላቸው አንድ ኮሪደር፣ አሥራ አንድ እርምጃ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ካርዶቹ አልተያዩም፤
ሰውየው ግን ያው በአንድ ሸሚዝ፣ በአንድ ደም
ከዚህ ወደዚያ ሲሻገር ኖረ።
«ቁጥርህ ጥሩ ነው» ስለው ደስ ይለው ነበር።
ቁጥሩ እውነት ነበር።
ልብ ያላልኩት ልቡን ነበር።

ዶክተሩ አስረዳው፦ ደም ሥርን የሚያሻክረው
ስኳሩ ብቻ አይደለም፤ ግፊቱ ያግዘዋል፣ ስቡ ይለጠፍበታል፣
ያቺ ከምሳ በኋላ የምትጨስ አንዲት ሲጋራም አታርፍም።
ሽንቱን ለኩላሊቱ፣ ደሙን ለስቡ ላክን፤
ስኳሩን ሲያወርድ ልቡንም የሚደግፍ ኪኒን ተጻፈለት፣
ለትልቁ ሆስፒታል ደብዳቤ፣ ቀይ ማኅተም ያለው።
ሩፕላል ደብዳቤውን አላየውም።
ሳህን ላይ ያኖርኩትን ሚስማር ነበር የሚያየው።
«እንደዚህ ነው ማለት ነው?» አለኝ።
«እንደዚህ ነው» አልኩት።

ሚስቱ ሳትያዋንቲ ሚስማሩን በመሐረብ ቋጠረች።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ማታ፣ ሁሉም ሲሄድ፣ ሁለቱን ካርዶች
በስቴፕለር ላያይዝ ብል ወፍረው እምቢ አሉ።
በላስቲክ አሰርኳቸው።
መሳቢያውን ስስብ፣ ሌላ መቶ አርባ ቢጫ፣
ጠርዝ ለጠርዝ ተደርድሮ፣
ቁጥሩ ሁሉ ጥሩ።